የአቶ ብዙነህ ወልደሚካኤል የሕይወት ታሪክና ዐሥር ወር የዘገየው መርዶ

አቶ ብዙነህ ወልደሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ወልደሚካኤል ጀማነህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰርካዲስ ይመር በወሎ ጠቅላይ ግዛት በኮምቦልቻ ከተማ ሐምሌ 5 ቀን 1938 ዓ.ም. ተወለዱ። በዚህ ጽሑፍ አገር ቤት ያለው ዘመን በእኛ፣ ከስደት ወዲህ ያለው ደግሞ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ተጽፏል። እሳቸውም የሚቆጥሩት እንዲሁ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በዚያው በኮምቦልቻ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። አባታቸው የአውራ ጎዳና ካምፕ ዘበኛ ስለነበሩ ልጅነታቸው ያለፈው የሚያልፍ የሚያገድመውን መኪና በመቁጠር ነው። የመቶ መኪና ሰሌዳ በቃላቸው ይዘው ነበር ይባላል። የአክስታቸው ልጅ የሆንኩት እኔ ዳኛቸው፣ የዚህ ታሪክ ጸሐፊ፣ ይህን ወሬ አምኜው አላውቅም፤ ሒሳብ ላይ ብርቱ እንደነበሩ ግን እመሰክራለሁ።

በዐሥራ ሰባት ዓመታቸው የጭነት መኪና ረዳት ሆኑ። በ1959 ዓ.ም. መንጃ ፈቃድ አውጥተው በአሰብ መንገድ ላይ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ከነተሳቢው መንዳት ጀመሩ። የአሰብ መንገድ ሾፌር ጨዋታ አዋቂ ነው ይባላል፤ እሳቸው ግን ሚሌ ላይ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ማዕድ ቀርበው ሦስት ቃል ሳይናገሩ የሚነሱ ሰው ነበሩ። በጥር ወር 1964 ዓ.ም. ከወይዘሮ ማንያህልሻል ብዙወርቅ ጋር በቁርባን ተጋቡ። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ብቸኛ ልጃቸው ሰብለ ተወለደች።

በ1971 ዓ.ም. ከጭነት መካከል ሰው ደብቀው አሳልፈዋል ተብለው ይፈለጉ ጀመር። ባለቤታቸውንና የአምስት ዓመት ልጃቸውን ትተው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወጡ። እውነት ሰው ደብቀው ነበር ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ «ጭነቱ ቡና ነበር» ይሉ ነበር። ይሁን እንጂ እኔም በስደት ሱዳን ሳለሁ፣ በገዳሪፍ አንድ የማናውቀው ሰው መንገድ ላይ አግኝቷቸው እግራቸው ላይ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

በሱዳን ሦስት ዓመት ቆይተው በኖቬምበር 1982 አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ገቡ። እኔ አንድ ዓመት ቀድሜ መጥቼ ስለነበር በዋይትሆል በነበረችኝ አንድ ክፍል አፓርትመንት፣ ሶፋ ላይ ተቀበልኳቸው። በዚያን ጊዜ እዚህ የነበርን ኢትዮጵያውያን ሁለት ቫን አንሞላም ነበር። በመጀመሪያ ዳውንታውን በሚገኝ ሆቴል ሳህን አጠቡ። በ1983 የአሜሪካን የጭነት መኪና ፈቃድ አወጡ፤ በ1984 ለአንድ ድርጅት መንዳት ጀመሩ። በ1985 ደግሞ አፍንጫ የሌላት ያገለገለች ሰማያዊ ትራክ ገዝተው የራሳቸው አዛዥ ሆኑ።

ስለ ሥራቸው ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙዎቻችሁ መኪናዋን እንጂ አሠራራቸውን አላያችሁም። ከኮሎምበስ ማቀዝቀዣ ወይም ወረቀት ጭነው ወደ ጆርጂያ ይወርዳሉ፤ ከጆርጂያ ምንጣፍ ይዘው ወደ ቴክሳስ፤ ከቴክሳስ ያገኙትን ይዘው ወደ ሰሜን። የያዙትን ሳያራግፉ ከመንገድ ዳር ስልክ ጭነት አገናኞቹን ብሮከሮች ኮል አድርገው የሚቀጥለውን ያስይዛሉ። የአንድ ጭነት ዋጋ ሲነገራቸው የሚያካፍሉት ጭነው ለሚሄዱት ማይል ብቻ ሳይሆን ባዶ ለሚሄዱትም ጭምር ነው። የትኛው መጋዘን ሾፌር እንደሚያጉላላ ይጽፉ ነበር። ስድስት ሰዓት ያስጠበቃቸው መጋዘን ዋጋውን እጥፍ ቢያደርግ እንኳ ተመልሰው አይረግጡትም። ከእሳቸው በኋላ ወደ ሥራው ለገባው ለዓባይነህ፣ «ፍሎሪዳ መግባቱማ ቀላል ነው። ይዘህ የምትወጣውን ሎድ ሳትጨርስ እንዳትገባ» ብለው መክረውታል። ዓባይነህ አልሰማ ብሎ ገብቶ ይዞት የሚወጣው ጭነት አጥቶ አራት ቀን ብርቱካን የሌለበት የብርቱካን እርሻ ሲያይ ከርሟል።

ሕጉ ዐሥር ሰዓት ነድተህ ስምንት ሰዓት ታርፋለህ፣ በስምንት ቀን ውስጥም ከሰባ ሰዓት በላይ ሥራ ላይ ከዋልክ መሪ አትይዝም ይላል። ሾፌሩ ይህን ሁሉ ሎግ ቡክ በሚባለው መዝገብ ላይ በየሰዓቱ ያሰምራል። ሁለት መዝገብ የሚይዙ ሾፌሮች ሞልተው ነበር፤ አንዱ ለፖሊስ አንዱ ለራስ። እሳቸው የያዙት አንድ ብቻ ነው። ዓባይነህ፣ «ጋሼ ብዙነህ የሚነዱት በመሪ ሳይሆን በእርሳስ ነው» እያለ ያሾፍባቸው ነበር። ሰዓታቸው ካለቀ ቤታቸው አርባ ማይል ቢቀራቸውም ይቆማሉ። ስለዚህ ሰዓታቸው የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ ማንም በማያውቃቸው ቦታ ነበር። የ1986ን ፋሲካ ኔብራስካ ውስጥ በአንድ የትራክ ማቆሚያ፣ ከመኪናቸው ደረጃ ላይ ተቀምጠው በሁለት የተቀቀለ እንቁላል ነው ጾም የፈቱት። ሲያወሩን ሳቁ፤ እኛም ሳቅን። ዛሬ ሳስበው የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

ይህ ሁሉ ድካም አንድ ዓላማ ነበረው፤ ባለቤታቸውንና ልጃቸውን ማምጣት። ወረቀታቸውን በ1985 አስገብተው ይጠባበቁ ነበር። ወይዘሮ ማንያህልሻል መጻፍ ስለማይችሉ እሳቸው ይናገራሉ፣ ሰብለ ትጽፋለች፤ ደብዳቤው በእኔ አድራሻ ይመጣል። በየደብዳቤው የጉልበት ሕመማቸው ይነሳ ነበር። አቶ ብዙነህም ደረጃ የሌለው ቤት ካልሆነ አልገዛም ብለው ወሰኑ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ክፍል ከሽኝቱ ፕሮግራም ይውጣ ያሉ የዕድራችን ሰዎች ነበሩ። ሰብለ ይነበብ ብላለችና ይነበባል።

ወይዘሮ ማንያህልሻል በሜይ 20 ቀን 1986 በአጭር ሕመም ኮምቦልቻ ላይ አረፉ። ወንድማቸው ከደሴ ደውሎ ለእኔ ነገረኝ። እኔም ለጋሼ ገብረየስና ለእትዬ ዘርፌ ነገርኩ፤ በመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት እነሱ ነበሩና። ሦስታችን ተመካከርን። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው መንገድ ላይ እያለ አይነገርም። ቤቱ ገብቶ፣ አርፎ፣ በማለዳ፣ ሰው ከቦት ነው የሚነገረው። ደግሞም ሰላሳ ስድስት ቶን የሚነዳ ሰው ሐዘን ይዞ መንገድ ቢገባ ምን ሊሆን ነው አልን። ስለዚህ ሦስትና አራት ቀን የሚያርፉበትን ጊዜ እንጠብቅ ተባባልን። እሳቸው ደግሞ የሚያርፉ ሰው አልነበሩም፤ አርብ ገብተው ቅዳሜ ይወጣሉ።

በጁላይ አንድ እሑድ ማለዳ ሰዎቹን ይዤ፣ ሰባት ሆነን፣ እሳቸው ወደሚያርፉበት ወደ እኔ ቤት ደረስን፤ ወደ ኢንዲያና የሚሄድ ጥሩ ጭነት ተገኝቶላቸው ከአንድ ሰዓት በፊት ወጥተው ነበር። በሴፕቴምበር ደግሞ ተሰብስበን ቁጭ ብለን ስንጠብቃቸው ከፖስታ ሳጥኔ ደብዳቤ ይዘው፣ ደስ ብሏቸው ገቡ። ከባለቤታቸው ነው ብለው ቆመው አነበቡልን። «ጉልበቴ በጣም ተሽሎኛል፤ ገበያ በእግሬ እየሄድኩ ነው፤ ለእኔ አታስብ፤ ቀስ ብለህ ንዳ» ይላል። እትዬ ዘርፌ ወደ ኩሽና ገቡ። ጋሼ ገብረየስ እንኳን ደስ አለህ አሉ። እኔም አልኩ። ጽሕፈቱ ዱሮም የሰብለ ስለነበር ምንም የሚያጠራጥራቸው ነገር አልነበረም። በዚያ ሰሞን ያገኙትን ሁሉ፣ «ማንያህልሻል ጉልበቷ ተሻላት እኮ» ይሉ ነበር።

በጃንዋሪ 1987 በፎረስት ፓርክ ሰፈር ደረጃ የሌላት ትንሽ ቤት ገዙ። ሲፈርሙ አብሬያቸው ነበርኩ። ምድጃው ከመስኮቱ አጠገብ መሆኑን አሳይተውኝ፣ «ይኼ ይመቻታል» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። በሕይወቴ ከተናገርኩት ቃል ሁሉ የማፍርበት እሱ ነው።

መርዶው የተነገራቸው በማርች 1987፣ እሑድ ማለዳ፣ ገና ዕቃ ባልገባበት በዚያው ቤት ነው። ጋሼ ገብረየስ፣ «ብዙነህ፣ የእግዚአብሔር ነገር ሆኖ ማንያህልሻል አርፋለች» አሏቸው። እትዬ ዘርፌ እሪ አሉ። አቶ ብዙነህ አላለቀሱም።

«መቼ?» አሉ።

«በሜይ» አልናቸው።

«የቱ ሜይ?»

ያለፈው እንደሆነ ነገርናቸው። ቀኑን ጠየቁ። ወደ መኪናቸው ሄደው ያለፈውን ዓመት ሎግ ቡክ ይዘው ተመለሱ፤ ገልጠው ገልጠው ቀኑን አገኙና በጣታቸው ያዙት። «የስምንት ሰዓቱ ዕረፍት ላይ ነበርኩ» አሉ። «የቆምኩበት ቦታ ስልክ ነበረው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩንና፣ «ደብዳቤውን ማን ነው የሚልክልኝ ታዲያ?» አሉ። መልሱን ራሳቸው ሲያገኙት ከወለሉ ላይ ተቀመጡና ያን ጊዜ አለቀሱ። የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልጄን ብቻዋን! ልጄን ብቻዋን!»

ሰብለ ኋላ እንደነገረችን፣ የአገር ቤት ዘመዶች «አባትሽ መንገድ ላይ ነው፤ ድንገት ቢሰማ መኪናው ይገለበጣል» ብለዋት ነበር። በዐሥራ ሁለት ዓመቷ ዐሥር ወር ሙሉ እናቷን በደብዳቤ ስታኖር የነበረችው መኪናው እንዳይገለበጥ ነው። የእናቷም ጉልበት በደብዳቤው የተሻለው አባቷ ሐሳብ እንዳይገባው ነው። እናቷ መሞቷን ለአባቷ መጻፍ ያልተፈቀደላት ልጅ ለማን ታለቅስ? እኛ አንዱን ከሐዘን እናድናለን ብለን ሁለት ሰው ለየብቻው አስቀመጥን።

አቶ ብዙነህ አልተቀየሙንም፤ ቢቀየሙን ይሻለን ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠርተውን አንድ ነገር ብቻ ለመኑን። «ከእንግዲህ እኔንም ልጄንም የሚነካ ሞት ካለ በደቂቃው ንገሩን። መኪና ላይ ብሆን ዳር ይዤ እቆማለሁ። መቆም እኮ አውቃለሁ» አሉን።

ሰብለ በጁላይ 1988 ኮሎምበስ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷ ጆርጂያንና ቴክሳስን ተዉ። የዓመታት ስሌታቸው ሁሉ ተገለበጠ። ክሊቭላንድ፣ ቶሊዶ፣ ሲንሲናቲ፤ ትርፉ ያነሰ፣ ግን ለእራት የሚያደርስ ጭነት ብቻ ያዙ። ባዶ መመለስ እንኳ ጀመሩ። በ1989 ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ሰብለ አጠገባቸው ተቀምጣ ካርታ ትይዝ፣ ሰዓቱን ታሰላ ነበር። አባትና ልጅ ስለ ደብዳቤው ተነጋግረው እንደሆነ አላውቅም። በሰባት ዓመት የኮሎምበስ ኑሯችን ውስጥ ሲያንጎራጉሩ የሰማኋቸው ግን በዚያ ክረምት ብቻ ነው።

በኦገስት ወር በጉበት ሕመም ተይዘው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ሰብለ ከትምህርት እንዳትቀር አጥብቀው ያዝዙ ነበር። ማክሰኞ ኦክቶበር 24 ቀን 1989 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ጋሼ ገብረየስና እኔ አጠገባቸው እያለን፣ በተወለዱ በአርባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወዲያው ምክር ተጀመረ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ትውጣ፣ እህል ትቅመስ፣ ትተኛ፣ ነገ በማለዳ ሰው ተሰብስቦ ይነገራት ተባለ። ክፋት የለውም፤ ያደግንበት ነው። እኔ ግን መኪናዬን አስነስቼ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። ከክፍል አስጠራኋት። የተማሪ ቁም ሳጥን በተደረደረበት መተላለፊያ ላይ ብቻዬን ቆሜ፣ ያለ ሽማግሌ፣ አባትሽ አርፏል አልኳት።

«መቼ?» አለችኝ።

«ከአርባ ደቂቃ በፊት።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ከዚያ ደረቴ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ተማሪው ሁሉ እስኪወጣ አለቀሰች።

አቶ ብዙነህ አንዲት ልጃቸውን ሰብለ ብዙነህን፣ በፎረስት ፓርክ ቤታቸው አጠገብ ያለነውን ዘመዶቻቸውንና በመንገድ ያስተማሯቸውን ሾፌሮች ትተው ሄደዋል። እናታቸው ወይዘሮ ሰርካዲስ ይመር በኮምቦልቻ በሕይወት አሉ። የአገር ቤት ዘመዶች ለእሳቸው እስከ ፋሲካ አይነገር ብለው ነበር፤ ሰብለ በዚያው ዕለት በጎረቤት ስልክ አስጠርታ አያቷን ራሷ አረዳቻቸው፤ አብረውም አለቀሱ።

እግዚአብሔር የአቶ ብዙነህን ነፍስ ከወይዘሮ ማንያህልሻል ነፍስ ጋር በአንድ ያሳርፍ። ለእናታቸውና ለልጃቸው ብርታቱን ይስጥ። እኛንም ይቅር ይበለን። አሜን።