የገዳዩ መነጽር

ኮልፌ 18 ማዞሪያ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሲሃም፣ ድሬዳዋ፤

አሰላሙ አለይኩም ልጄ። ጤናሽ እንዴት ነው? ሙቀቱስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት፣ የመጋረጃው ገበያ እንደ ጨርቁ ተንጠልጥሏል፤ ከእኔ በቀር የሚያሳፍር ነገር የለም።

በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄ ስለሚያሳብቅብኝ ነው። ፊልምሽን አየሁት። አዎ፣ እኔው፤ «ፊልም የሥራ ፈት ሥራ ነው» ብዬ ሰው ፊት ፈትዋ የሰጠሁት ሊቅ። ባለሱቁ ጎረቤቴ ሹኩር፣ «ቤቴል አዳራሽ ነፍስ የሚያስጨንቅ የወንጀል ፊልም አለ» ብሎ ሱቄን አዘግቶ ወሰደኝ። የማን እንደሆነ አልነገረኝም።

እንግዲህ ስለ ጥበብሽ ልመስክር። ያ ሁሉ ሰው ተገድሎ አንዲት ጠብታ ደም አላሳየሽንም። የገዳዩ ነጋዴ ሱቅ ቆርቆሮ መዝጊያ ሲወርድ ብቻ ሰማን፤ ካሜራሽ ውጭ ቀርቶ የተኛች ድመት ያያል። ሹኩር ክንዴን ጨምድዶ፣ «ምነው ዘፈን እንኳ ቢከፍቱልን» አለ። መርማሪዋ አትሮጥም፣ ሽጉጥ አትመዝም፤ ክር ልትገዛ ሱቁ ትመላለሳለች እንጂ። ነጋዴው ሲዋሽ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል። መጀመሪያ ሳቅንበት። ከዚያ ለመድነው። በመጨረሻ «ያን ዕለት ማታ የት ነበሩ?» ስትለው እጁ ወደ መነጽሩ ሲሄድ፣ አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። እኔማ «ተው አንተ ሰውዬ፣ አትንካው» ብዬ ተናገርኩ፤ ሰው ዞሮ አየኝ።

ከዚያ ስምሽ ወጣ፤ «ዳይሬክተር፦ ሲሃም ከሊፋ»። ስሜ የበር ስፋት አክሎ። የሱቄ ታፔላ ላይ እንኳ እንዲያ ገዝፎ አያውቅም።

«ከሊፋ፣ ልጅህ አይደለችም እንዴ?» አለኝ ሹኩር።

መቼም ታውቂያለሽ፣ ለሰፈሩ ፋርማሲ ታጠናለች ብያለሁ። እትዬ ፈይዛ ስለ ደም ግፊታቸው በእኔ በኩል ሲያማክሩሽ፣ «ሲሃም ጨው ቀንሱ ብላለች» እያልኩ አኑሬያቸዋለሁ። እና፣ «ከሊፋ የሚባል ሰው አገሩን ሞልቶታል፤ የኔዋ መድኃኒት ላይ ናት» አልኩት።

ሹኩር ፊቴን አላየም። እጄን ነው ያየው።

«በቃ ጸድቷል፣ አድርገው» አለኝ።

ለካ መነጽሬን አውልቄ በሸሚዜ ጫፍ እየጠረግኩ ነው።

ይህን ገዳይ ከየት አመጣችው እያልኩ ስደነቅ ነበር እኮ። ለካ ከገበታ ማዶ ተቀምጠሽ ያን ሁሉ ዘመን ታዪኝ ኖሯል። ደግሞ አልጠላሽውም። ሲያዝ መነጽሩ ይወድቃል፤ መርማሪዋ ከመሬት አንስታ፣ አቧራውን እፍ ብላ ታቀብለዋለች። እዚያ ላይ ማልቀሴን እናትሽ አታውቅም፤ ጉንፋን ነው ብያታለሁ።

ቅዳሜ እንደገና ይታያል። እናትሽንና እትዬ ፈይዛን ይዤ እሄዳለሁ። እውነቱን ሲሰሙ እትዬ ፈይዛ ወደ ጨዋቸው እንዳይመለሱ እሰጋለሁ፣ ግን ምን ላድርግ። መነጽሬን ቤት ትቼ ነው የምሄደው። ፊደሉ አይታየኝም፤ ስምሽን ሹኩር ጮክ ብሎ ያነበዋል። የማን ልጅ ናት የሚል ከተገኘም፣ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ እመልስለታለሁ።

አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው፤ እናትሽ ናት የምታነጥፈው፣ እኔ የለሁበትም።

አላህ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ፤ ብዙ ያያል። ዱዓዬ ከደጅሽ አይራቅ።

አባትሽ ከሊፋ፤
ከስምሽ ቀጥሎ የተጻፈው ሰውዬ