ኮምፒውተሩ ላይ የረጋው እርጎ

ሶረቲ፣

የአባቴ ኮምፒውተር አልነሳ ያለበትን ምክንያት ዛሬ አገኘሁት። ክዳኑን ፈትቼ ባነሳው ሽታው ከቤት አስወጣኝ። ወተት ነው! ረግቶ፣ ደርቆ፣ እንደ አይብ ፍርፍር ብሎ ሽቦው ላይ ተጣብቋል። በረሮውን አልነግርሽም።

ለካ በአሰላ ብርድ ወተቱ አልረጋ ሲልሽ፣ እኔ ለማስተማር ስወጣ ኮምፒውተሩን አብርተሽ የወተት ጣሳሽን ሙቀቱ ላይ ታስቀምጪ ኖሯል። ሲፈስብሽ ደግሞ ዳንቴሉን መልሰሽ አልብሰሽ ዝም።

ስጠይቅሽ «እናቴ ትሙት አልነካሁትም፣ መብራቱ ነው ያቃጠለው» አልሽኝ። እኔ ሞኟም አምኜሽ አከራያችንን እትዬ ብርቄን «የእርስዎ መስመር ነው ጉድ የሠራኝ» ብዬ ጎረቤት ፊት ጮህኩባቸው። ዛሬም ሰላምታዬን አይመልሱም። ማታ አብረን ሄደን ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ቀድመሽ የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ።

የተቃጠለውን ፓወር ሰፕላይ፣ ማለት ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠውን ክፍል፣ የሚተካ አሮጌ ዕቃ ሁሩታ ከተማ አለ ስላሉኝ እዚያ ሄጃለሁ። ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን የኮምፒውተሩን ዕቃ እንዳትነኪ፣ ጠራርጌው እየደረቀ ነው።

እርጎሽ ይጣፍጥ ነበር። ደጋግሜ «ጨምሪልኝ» ማለቴ ትዝ ሲለኝ ነው ይበልጥ የሚያቅለሸልሸኝ።

ደግሞ፣ ያን ቆሻሻ ፈቅፍቄ ያወጣሁት በጥርስ ብሩሽሽ ነው። አጥቤ ኩባያሽ ውስጥ መልሼው፣ ምንም ሳልነግርሽ ልሄድ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ አላስችል ብሎኝ ነው ተመልሼ ይህን የጻፍኩልሽ።

ሮሐ