ለ«ቴረር» የሚሆን ቃል

ሰኞ

ዶክተር ሰሎሞን «ፍርሃት» ያልኩትን በቀይ ሰረዘው። መጠይቁ የመጣው በእንግሊዝኛ ነው፤ በጥይት ቆስለው እኛ ክፍል ለተኙ ሰዎች የሚነበብ። አማርኛ የማድረጉ ሥራ ለእኔ ለነርሷ ተሰጠ። ሁሉን ጨርሼ አንድ ቃል ላይ ቆምኩ፦ ቴረር።

ፍርሃት፦ አነሰ። ውሻም ይፈራል።
ድንጋጤ፦ ቶሎ ያልፋል።
ሽብር፦ የሬዲዮና የፍርድ ቤት ነው።

እንግሊዞቹ ሰውየው የሚሰማውንም፣ ያን ያመጣበትንም ሥራ በዚሁ ቃል ይጠሩታል። የሚያስቸግር ሕፃንን እንኳ እየሳቁ እንዲያ ይሉታል። ዶክተሩ «ሽብር በይውና እለፊ» አለኝ።

ማክሰኞ

አልጋ ስድስት፣ አያ ሙጬ። ጭናቸውን የተመቱ ገበሬ ናቸው። «ሽብር ደርሶብዎት ያውቃል?» ብዬ አነበብኩላቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። «ልጄን ‹ሽብርተኛ› ብለው፣ በዚች ቃል ነው ደብድበው የወሰዱት። ምነው፣ አንቺም ከነሱ ነሽ?» አሉኝ።

«ሽብር» ያልኩትን ሰረዝኩት። ነገ ትክል ድንጋይ ጤና ጣቢያ ሄጄ እዚያ ያሉት ቁስለኞች ራሳቸው ምን እንደሚሉት እጠይቃለሁ።

ረቡዕ

እጄ አልጽፍ አለ። በሕይወት አለሁ።

ሐሙስ

ልሞክር። ትናንት ትክል ድንጋይ ሳንደርስ፣ ኩርባው ላይ፣ ጠመንጃ የያዙ አምስት ሰዎች ሚኒባሱን አስቆሙት። ሾፌሩ «ምነው ወንድሜ» ከማለቱ በሰደፍ አፉን አሉት። ጥርሱ ጭኑ ላይ ወደቀ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ በሩን ከፍቶ ሮጠ። ብዙ አልሄደም፤ ከጀርባው ተኮሱበት። መሬት ላይ ሲፈራገጥ ቆየ። እኔ ነርስ ነኝ። አልወረድኩም። ቀሚሴ ረጥቧል፤ የራሴ ሽንት መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

አጠገቤ ያለችው እናት ልጇ እንዳያለቅስ አፍና አፍንጫውን በመዳፏ ግጥም አድርጋ ይዛለች። ዓይኗ ሰዎቹ ላይ ነው። ልጁ ፊቱ ጠቆረ። «ልጅሽን» ብላት አልሰማችም። እጇን ብጎትት አልላቀቅ አለ። ጣቷን ነከስኳት። ደሟ አፌ እስኪገባ ነከስኳት። ለቀቀችው። ልጁ ሲተነፍስ ሰማሁ።

ሾፌሩን ይዘው ሄዱ። እኛን ተዉን፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከተሳፋሪው አንዱ መኪናውን አዙሮ መለሰን። የሮጠውን ሰውዬ ጭነነው ነበር፤ መንገድ ላይ ሞተ።

ዓርብ

ጥያቄውን እንደገና ጻፍኩት፦ «ሰውነትዎ አልታዘዝ ብሎ፣ የሚወዱትን ሰው እንኳ የዘነጉበት ሰዓት ነበር?»

ዶክተር ሰሎሞን «ረዘመ፤ አንድ ቃል እኮ ነው» አለ።

«ለእንግሊዞቹ አንድ ይሁን» አልኩት። አልሰረዘውም።

ቅዳሜ

እናትየዋ ልጇን አስከትላ ጣቷን ልታሳሽግ መጣች። አለምነሽ ነው ስሟ። እኔው አጠብኩላት፤ የጥርሴ ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይቅርታ ልላት ስጀምር «ልጄን በእጄ ልገድለው ነበር» አለች፣ ቀና ሳትል። ከዚያን ቀን ወዲህ እጇ ወደ ፊቱ ሲመጣ ይጮኻል። አፍንጫውን የምትጠርግለት ጎረቤት ናት።

«ይረሳዋል?» አለችኝ።

ፋሻውን ቋጠርኩላት።

ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። ግቢው ቧንቧ ጋ ቆሙ። በደህናው እጇ ውሃ ዘግና ቁጢጥ አለች። ልጁ ራቅ ብሎ አያት። ውሃው በጣቶቿ መሃል ፈሶ አለቀ፤ እንደገና ዘገነች። ቀስ ብሎ ቀረበና ጠጣ።