አራት ሊትር ናፍጣ

ሁላችንም «ጋሽ ሜትር» እያልን የምንጠራቸው መካኒክ ከሐይቁ ወደብ መጋዘን ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት፣ ከጀልባ አናጺ አባታቸውና ከመረብ ሠሪ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ከሁለት ወንድማማቾች ታናሹ ነበሩ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1960 ዓ.ም. በጀልባ መጠገኛው ተቀጠሩ። ሜትር ከሸሚዝ ኪሳቸው ስለማይጠፋ ቅጽል ስሙ በዚያው ጸናባቸው።

በ1968 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማቸው የሚነዷት የጭነት ጀልባ፣ እንደ ጋሽ ሜትር ሁሉ፣ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ርዝመቷ አሥራ አንድ ሜትር ነው። ውሃውን እየገፋ ከሚያስኬዳት ፕሮፔለር ሦስት ክንፎች አንዱ ጫፉ ታጥፏል። ማዶ ደርሳ ለመመለስ ሠላሳ አንድ ሊትር ናፍጣ ትፈጃለች። ታላቅየው «ይቺ አሮጊት ከእኔ በላይ ትጠጣለች» ይሉ ነበር። ጋሽ ሜትር ሆዷ ላይ የተጣበቀውን የውሃ አረም ፍቀው፣ ለሞተሯ የሚመጥን ሰፋ ያለ ፕሮፔለር ገጠሙላትና ለኩ፤ ሃያ ሁለት ሊትር።

የለኩት ግን ባዶዋን፣ ሆዷ በጸዳ ማግስት፣ ውሃው በተኛበት ጠዋት ነበር። ከአምስት ወር በኋላ ታላቅ ወንድማቸው ሙሉ ጭነት ይዘው ሃያ አምስት ሊትር ብቻ አስቀዱ። «ኧረ ጨምርበት» ያላቸውን ናፍጣ ቀጂ፣ «ታናሼ ከለካው አለቀ፣ አንተ ደግሞ!» ብለው ሳቁበት። ጀልባዋ በአራተኛው ቀን ስትንሳፈፍ ተገኘች፤ ታንከሩ ደረቅ ነበር። እሳቸው አልተገኙም።

በሳምንቱ ጋሽ ሜትር የውሃ አረሙን ከሆዷ ሳያነሡ፣ ያንኑ ያህል ጭነው ራሳቸው ነዷት። ሃያ ዘጠኝ ሊትር ፈጀች። የጎደለው አራት ሊትር ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። የወንድማቸውንም ሴት ልጅ አሳድገው ሙያውን አስተማሯት። እስከ 2011 ዓ.ም. የስልሳ ሰባት አሮጌ ጀልባዎችን ፕሮፔለር አስተካክለዋል። አንዷንም ሆዷ ሳይቆሽሽና ሳትጫን ለክተው አላስረከቡም፤ ከእያንዳንዷም የፊት መቀመጫ ሥር አራት ሊትር የሞላ ቀይ ጀሪካን ያስሩ ነበር። ገበታ ላይ ሆነው ከውጭ የሞተር ድምፅ ድንገት ሲቋረጥ ማንኪያቸውን ያስቀምጡና እስኪነሣ ይጠብቃሉ። አንዳንዴ ምግቡ ይቀዘቅዛል። የወንድማቸው ልጅ አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ አሳንሶ ያስቀዳው እኮ አባባ ነው» አለቻቸው። «ቁጥሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ አልተነሣም።

ሁለት ዓመት በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ሐሙስ ጥር 16 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው ማዶ ባለው ሆስፒታል ዐረፉ። በመጨረሻው ሳምንት የጠየቁት ሰውን አልነበረም፤ «ቀይዋ ሞልታለች?» ይሉ ነበር። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የወንድማቸውን ልጅና አምስት የልጅ ልጆችን ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጸጥ ባለ ዳርቻ ያሳርፍልን፤ ውሃ ከለያቸው ወንድማቸውም ጋር ያገናኝልን።

አስከሬናቸውን ያመጣችው ያችው እኩያቸው ጀልባ ናት። ሆዷ ሳይፋቅ፣ ለቀስተኛ ሞልታ፣ ሠላሳ ሦስት ሊትር ተቀድቶላት ማዶ ደርሳ ተመለሰች። የወንድማቸው ልጅ ታንከሩን ለካች፦ የተረፈው አራት ሊትር ነው፤ ጀሪካኑ አልተከፈተም።