የዘለልሁት መስመር

ይድረስ ለወንድምዓለሜ ለአንዷለም፤ ጋምቤላ።

እንዴት ከርመሃል? ከባሮ ዳር የሚነሣው ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? ባለፈው ደብዳቤህ ወባ ጥላኝ ተነሣሁ ብለህ ስለ ነበር፣ ደግማ መጥታበት ይሆን እያለች እናታችን ባየችኝ ቁጥር ትጠይቀኛለች። እኔም የማውቅ ይመስል «ደህና ነው» እላታለሁ። ሳሌምስ እንዴት ናት? ሕፃኑስ ቆሞ መሄድ ጀመረ? ጤናችሁና ሰላማችሁ ከእኔ ናፍቆት የበለጠ ይብዛ። እኛ ከሰው እስከ ከብቱ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። ዛሬ ግን ደህና ነን ብቻ ብዬ የምዘጋው ደብዳቤ አይደለም። አሸንፈናል! ስለዚህ ሥራህን ሁሉ ጨርሰህ፣ ተረጋግተህ ቁጭ ብለህ አንብብልኝ።

የአገራችን ወጣት ስለ ተፈጥሮ፣ ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ዘመኑ ኑሮ ምን ያስባል ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። መልሱ ይኸውልህ። ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይተን እየተማርን አርብ አርብ ስንቅ ልንወስድ ወደ መንደር የምንወጣ ሰባት ልጆች አለን። በዓል ከቅዳሜ ወይም ከእሑድ ጋር ሲገጥም የእርሻ ሥራ ስለሌለ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ እንወጣለን። አንዳችን ከትምህርት ቤት የተዋስነውን መጽሐፍ ጮክ ብለን እናነባለን። ከዚያ እያንዳንዳችን በዚያ ቀን ያየነውንና ያሰብነውን አንድ ገጽ እንጽፋለን። ደብተሩ የሁላችንም ነው፤ የምይዘው ግን እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ ይጥሉታል።

ይታገሱን ታስታውሰዋለህ፣ የጎረቤታችን የይሄይስ ልጅ፣ አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሷል። እሱ ሁልጊዜ የሚጽፈው ስለ ጉዞ ነው። ሰው ሄደ የሚባለው አገር ሲቀይር ሳይሆን ያለፈበትን ሲያስተውል ነው ይላል፤ እሱ ራሱ ቡሬን አልፎ አያውቅም። ሰብሊ የምትጽፈው ስለ ከተማ ነው። በአንድ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ ሰዎች ስማቸውን ሳይተዋወቁ ዓመት እንደሚሞላቸው፣ ወጣቱ ሁሉ ቪዲዮ ቤት እንደሚውል እየጻፈች ታዝናለች፤ አዲስ ፊልም ሲመጣ ግን ቀድማ የምትሰለፈው እሷ ናት። እኔ ስለ ምንጫችን ጻፍሁ። ዳገቱ ሁሉ ባሕር ዛፍ ከለበሰ ወዲህ ሚያዝያ ላይ እናታችን አንድ እንስራ ለመሙላት ስንት ሰዓት ወረፋ እንደምትጠብቅ ጻፍሁ። የቤታችን ቆርቆሮ የተገዛውም፣ የእኔ የቤት ኪራይ የሚከፈለውም ከዚያው ባሕር ዛፍ ነው። ልጥላው ወይስ ላመስግነው አላወቅሁም አልሁ።

ነገሩ የመጣው ጥቅምት 21 የማርያም ዕለት ነው። ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ፣ ጤፉ ሊያሽት ደርሶ፣ ከጉብታው ላይ እስከ ብር ወንዝ ድረስ ይታይ ነበር። ስለ ምንጩና ስለ ባሕር ዛፉ የጻፍሁት ያን ዕለት ነው፤ ያየሁትን አንድ በአንድ ስጽፍም እንዲህ የሚል መስመር አስገባሁ፦ «ከታች አያ ደሞዝ ጎንበስ ብለው በርበሬ ይለቅማሉ፤ በቅጠሉ መሃል የበርበሬው ቅላት እንደ ፍም ይታያል።» በበዓል ቀን መሥራታቸውን ለመንገር ብዬ አልነበረም። ቀዩ ስላማረኝ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ በረዶ በዕድሜዬ አላየሁም። ጤፉ መሬት ላይ ተኛ፤ የአያ ደሞዝ በርበሬ ግንዱ ብቻ ቀረ፤ የእኛም ማሳ ግማሹ ሄደ። በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ማርያምን የሻረ ማን ነው ይል ጀመር። ቀድመው የተናገሩት አያ ደሞዝ ናቸው። እነዚህ ልጆች ጉብታ ላይ ወጥተው ሲጽፉ ውለዋል፣ ብዕር መያዝ ሞፈር ከመያዝ በምን ይለያል፣ መጻፍ ሥራ ነው፣ በዓል ሽረው ነው ይህ የመጣብን አሉ። ማሳው የጠፋበት ሰው መቆጫ ይፈልጋል፤ ቃሉ በአንድ ቀን አገሩን ሞላው።

ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ እሑድ ሊያዩት ቀጠሩ። ጥፋተኛ ከተባልን መጽሐፍ ይዘን ዳግመኛ እንዳንሰበሰብ በመስቀል ፊት እንምላለን፤ መሐላውን ያፈረሰ ልጅ ካለ ቤተሰቡ ከእድር ይወጣል። ቀባሪ ያጣል ማለት እኮ ነው! አባባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጥፋተኛ ነን ብላችሁ ጉልበት ስማችሁ ጨርሱት አሉኝ። እኔ ግን ያንን ጉብታ ላጣው ነው ብዬ ሳስብ እንባዬ ቀደመኝ። ፍኖተ ሰላም ተምሬ ምን አገኘሁ ብትለኝ፣ የማስበውን ሳልፈራ የምናገርበት ያ ቦታ ነው የምልህ። ይታገሱ ግን ተረጋግቶ ነበር። ደብተርሽ ውስጥ አለልን እኮ፣ መስመሯን በሰው ፊት አንብቢያትና ማን በዓል እንደ ሻረ ይታወቅ አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ደስ አለኝ። አነባለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት።

እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተሰበሰበ። አንተን ዳዊት ያስደገሙህ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ መሃል ተቀመጡ። አያ ደሞዝ ተነሥተው ክሳቸውን አሰሙ። መሪጌታ ወደ እኔ ዞረው፣ መጻፍ ያደክማል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አያደክምም ብል ውሸት ነው፤ ያደክማል ብል በራሴ ላይ መፍረዴ ነው። «ያደክማል፤ ቅዳሴ መቆምም ያደክማል» አልሁ። ከሴቶቹ በኩል ሳቅ ተሰማ፤ አባባ ግን አንገታቸውን ደፉ። መሪጌታ ሳይስቁ፣ እንግዲያ የጻፍሽውን አንብቢውና እንስማው አሉኝ።

ማንበብ ጀመርሁ። ስለ ጠዋቱ ሰማይ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ምንጩ አነበብሁ። የባሕር ዛፉ ጋ ስደርስ አንድ ሽማግሌ «እውነቷን ነው» ሲሉ ሰማሁ። ቀና ስል አያ ደሞዝ ከፊቴ ናቸው። ቆባቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ ጣቶቻቸው ተሰነጣጥቀዋል። ቀጣዩ መስመር እሳቸው ነበሩ። ይታገሱ በክርኑ ነካ አደረገኝ። ያን ጊዜ ምን እንዳሰብሁ ልንገርህ። ያችን መስመር የጻፍኋት ስላማረችኝ ነው፤ አሁን ሰው ላስፈርድባት ነው። ይህን ካደረግሁ ዳግመኛ ከዚያ ጉብታ ላይ ሆኜ ሰውን በዚያ ዓይን ማየት አልችልም። ከደብተሩ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ ደብተሩ አየሁና መስመሯን ዘልዬ ቀጠልሁ።

ይታገሱ የጎሪጥ አየኝ። መሪጌታ ፊደሉን ልየው ብለው ደብተሩን ተቀበሉኝና ገጹን በዓይናቸው አነበቡት። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ከዚያ «ፊደልሽ ያምራል» ብለው ዘግተው መለሱልኝ። የእድሩ ዳኛ ገብረሰንበት፣ ያማረ ጽሑፍ ነው፣ ግን በረዶው መውረዱ አይካድምና ይማሉ አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። አለቀልን አልሁ። መሪጌታ ግን ከመፍረዳችን በፊት ከሳሹ የመጨረሻ ቃላቸውን ይስጡ አሉ።

አያ ደሞዝ ወደ ሰዉ ዞሩ። እንዲህም አሉ፦ «ልጂቱ እኔን ዘላኛለች፤ አይታኝ ንባቧን ስታቋርጥ አውቄዋለሁ። ያን ቀን በርበሬ ስለቅም ነበር። ሰማዩ ከወዲያ ማዶ አላማረኝም፤ ያገኘሁትን ላትርፍ ብዬ ነው። ቀና ስል ልጆቹ ከላይ ሆነው ይጽፋሉ። ጻፉኝ ብዬ ፈራሁ፤ ሳይቀድሙኝ ልቅደማቸው አልሁ። አንች ልጅ፣ ያችን ነገር መልሰሽ አንብቢያት።»

አነበብኋት። አያ ደሞዝ ቀረብ ብለው «እውነት እንዲያ ያምር ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ያምር ነበር አልኋቸው። ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱት። ወንድሜ፣ እኔም አለቀስሁ፤ ሰብሊማ ከሁላችንም ባሰች።

መሪጌታ ተነሥተው፣ በረዶው በማን ምክንያት እንደ ወረደ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው፣ እነዚህ ልጆች የሠሩት ማየት ነው፣ ማየት ሥራ ከሆነ በበዓል ቀን ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን እንዋል አሉ። ሰው በሳቅ ፈነዳ። አያ ደሞዝ ለሰንበቴው አንድ ጋን ጠላ እንዲያቀርቡ ተፈረደባቸው፤ እኛ ደግሞ ሰንበቴው ላይ በየወሩ አንድ ገጽ እንድናነብ ተፈረደብን! እንዲህ ያለ ፍርድ በየቀኑ ቢፈረድብኝ አልጠላም። ይታገሱ ዘለሽ ልታስገድይን ነበር እያለ እስከ ቤት ሲቆጣኝ ሄደ። አባባ ደብተሩን ከእጄ ወስደው በብብታቸው ሸጉጠው ያዙልኝ።

ከትናንት ወዲያ ኅዳር ሚካኤል ነበር። ከንግሡ መልስ ጉብታው ላይ ቁጭ ብለን ሳለን አያ ደሞዝ በዱላቸው እየተደገፉ፣ እያለከለኩ ወጡ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና «ጻፊ» አሉኝ። በእኔ ዕድሜ ሳሉ ቡሬን አልፈው፣ አባይን በእግራቸው ተሻግረው፣ ቡና ለመልቀም ወለጋ የሄዱበትን መንገድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሩኝ። ያደሩበትን ዛፍ፣ የወንዙን ድምፅ፣ ቋንቋውን ሳያውቁ ያበላቻቸውን ሴት ሳይቀር ነገሩኝ። ይታገሱ አፉን ከፍቶ ነበር የሚሰማው። በበዓል ቀን መጻፍ ሥራ ነው ብለው የከሰሱን ሰው በሚካኤል ዕለት ስድስት ገጽ አስጻፉኝ። ጣቴን ላሳርፍ ቀና ስል፣ የእድሩ ዳኛ ገብረሰንበትና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ዳገቱን ተያይዘውታል። ወረፋ ሊይዙ ነው! ደብተሩ ግን አልቋል። ስለዚህ ከደመወዝህ ልብስ ግዛልኝ አልልህም፤ ደብተር ላክልን፣ ወፍራም ወፍራሙን።

ለሳሌም የእህትነት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ሕፃኑን በሁለቱም ጉንጩ ሳምልኝ። እናታችን አንገትህን አቅፋ ትስምሃለች፤ ወባዋን ካልነገርኸኝ እኔው እመጣለሁ ብላሃለች። አባባ እግዚአብሔር ይጠብቅህ ብለው መርቀውሃል። ታናሿ እታለም ሀብትነሽ ስሟን መጻፍ ስለ ጀመረች ከታች ያለው የተጣመመ ፊደል ትናንት ከመንደር ሳልወጣ የጻፈችው ነው። መሪጌታ ዳዊቱን እንዳትረሳ ይሉሃል። አያ ደሞዝም ሰላም ብለውሃል፤ አንተም ስትመጣ የጋምቤላን መንገድ ጉብታው ላይ ቁጭ ብለህ ትነግረናለህ፣ ግን ተራህን ጠብቀህ ነው ብለዋል።

የምትወድህ እህትህ ያምሮት

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 14 ቀን 1996 ዓ.ም.