ዘይቱን ከፍ አድርጊው

የካቲት 28

ስንዴ ስናበጥር ዋልን። አቧራው ጉሮሮ ይዘጋል። ሀፍሷ እንደ ወትሮው ጥላዋን አጋራችኝ። እሷ ስታወራ፣ እኔ ስሰማ... እህል በረንዳ ላይ አብረን ያረጀነው እንዲህ ነው።

ጤፍ ደግሞ ጨመረ። ስንት ኩንታል በሰፌዴ ያልፋል፣ እኔ ቤት ግን አይደርስም።

ልጄ መቅደላዊት አዲስ ጫማ ገዝታ መጣች። ሱቅ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ ልጅ በተቀደደ ጫማ ደንበኛ ፊት አትቆምም አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን የወሩ አስቤዛ እግሯ ላይ ሄደ።

ነገ ሲኒማ ራስ ጀርባ ለችግረኛ ዱቄትና ዘይት ይሰጣል አሉ። ልሂድ?

የካቲት 29

ሄድኩ። የሚያድለው ምንይሉ የሚባል ጎልማሳ ነው። ሽቶው ከሱ ቀድሞ ይደርሳል። ዱቄቱን የሚገዙት ነጋዴዎች ናቸው፣ እሱ ደግሞ ተቀባዩን እየቀረፀ ኢንተርኔት ላይ ይለቃል።

«እኔን አትቅረፀኝ፤ ልጅ አለችኝ» አልኩት።

«ከጀርባ ነው እትዬ፣ አታስቢ።»

ወዲያው ዘይቱን እጄ ላይ አድርጎ፣ «ከፍ አድርጊው! ቀና በይ! የወለደችህ ትባረክ በይ እንጂ!»

የሰጠን ሰው እናት መመረቅ ወጋችን ነው። ማንም ሳያዘን እንላለን። ታዝዞ ሲባል ግን አፍ ይመራል። አልኩ... ምን ላድርግ? ዘይቱን ይዤዋለሁ።

መጋቢት 3

ቪዲዮው ላይ ፊቴ ነው የወጣው። ሙሉ ፊቴ! ከሥሩ የሚያስለቅስ ሙዚቃ አለው። «ይህች እናት እህል ከቀመሰች ቀናት አልፈዋል» ይላል። ውሸት። ያን ቀን ምስር ወጥ በልቼ ነው የሄድኩት።

ለመቅደላዊት ያሳዩዋት የሱቁ ልጆች ናቸው። አሠሪዋ ሰላሁዲን ደግሞ «ምነው ሳትነግሪኝ? እኛ አንረዳችሁም ነበር?» አላት። በደግነቱ ነው... እሱ ነው የባሰባት።

«የምበላውን ዱቄት አገር አየው» አለችኝ። ልብሷን በፌስታል ይዛ አክስቷ ዘንድ ሄደች። በሩን እንኳ አልጠረቀመችውም። ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

መጋቢት 5

ምንይሉ ዘንድ ሄጄ ቪዲዮውን አጥፋልኝ አልኩት።

«እትዬ፣ ስንት ሰው እንዳለቀሰልሽ ታውቂያለሽ? ታዋቂ ሆነሻል እኮ!» ሳቀ። አብረውት ያሉትም ሳቁ።

«ልጄ ከቤት ወጥታብኛለች።»

«ትመለሳለች። ለበዓሉ ዶሮም አለ፤ እንዳትቀሪ!»

ወጣሁ። ማንበብ የለመድኩት ስኳርና በርበሬ ከተጠቀለለበት ብጣሽ ጋዜጣ ነው። ወሬው ሁሌ መሃሉ ላይ ተቀዶ ያልቃል፤ ቀሪውን በልቤ እጨርሰው ነበር። ይሄንንም በልቤ እየጨረስኩት ነው።

መጋቢት 6

ስንዴው ውስጥ እንክርዳድ ባገኘሁ ቁጥር «ምንይሉ» እያልኩ ነው የምጥለው።

መጋቢት 9

ቄሱ በቀል የእግዜር ነው ይላሉ። ይሁን። እግዜር ግን ሥራ ይበዛበታል።

መጋቢት 14

ሀፍሷ ዛሬ ምን አሳየችኝ! ሌላ ቪዲዮ ነው። ምንይሉ እንባውን እየጠረገ፣ «ይህን ሁሉ የማደርገው ለሟች እናቴ ነፍስ ነው» ይላል።

ሀፍሷ ሳቋ አላስወራ አላት። «ሟች? ወላሂ ዛሬ ጠዋት ሰላም ብለውኛል!»

«ማን?»

«እናቱ ናቸዋ! እቴቴ! እነዚያ አይሱዙ ሥር የፈሰሰ እህል የሚለቅሙት። አንድ ግቢ ነው ያደግነው፤ ልጅ እያለን በጥፊ ስለው ነው የኖርኩት! እሱ ቤት ሲቀይር እሳቸውን ረስቶ ሄደ።»

ሰፌዴን አስቀመጥኩ። በደስታ ነው... አዎ፣ በደስታ።

መጋቢት 15

እቴቴ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። ቆሎ ይዤላቸው ነበር። ጎንበስ ያሉ፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ዓይናቸው ግን ጉድ ነው! ቆመው አቧራ ውስጥ የወደቀች አንዲት ምስር ይለያሉ።

«ልጅ የለዎትም?» አልኩ፣ እያወቅኩ።

«አለኝ እንጂ። ሥራ ይበዛበታል።»

ከለቀሙት ሽንብራ ዘግነው ሰጡኝ። ንፁህ ነው አሉኝ። ባልቀበል ይሻለኝ ነበር... ተቀበልኩ።

«ለፋሲካ ዘይትና ዱቄት የሚሰጡ አሉ። አብረን እንሂድ?»

«እኔ ለምኜ አላውቅም፣ ልጄ።»

«ልመና አይደለም እቴቴ፣ ስጦታ ነው።»

የምንይሉ አነጋገር ከእኔ አፍ ወጣ።

መጋቢት 27

እቴቴ እሺ አሉ። ነጠላቸውን አጥበው አሰጡ። ሰጪው ማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ልንገራቸው? መቅደላዊት ዛሬም ስልኬን አላነሳችም።

አልነግራቸውም።

ሚያዝያ 7

ሆነ።

ነጋዴዎቹ ድንኳን ሥር ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ምንይሉ ስልኩን ደቅኖ ያን ንግግሩን አደረገ። ሟች እናቴ፣ በድህነት ያሳደገችኝ፣ ሳልጦራት ያለፈችው... እቴቴ ከፊቴ ቆመው ሁሉንም ሰሙ። ጀርባቸው አልተነቃነቀም።

ተራቸው ደረሰ። እሱ የሚያየው ስልኩን ነው። «እማማ፣ ቀና ይበሉ! ዘይቱን ከፍ...»

ድምፁ ተቆረጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

አሁን፣ አልኩ በልቤ። አሁን «ልጄ!» ብለው ይጮሃሉ። ነጋዴዎቹ ይሰማሉ። ስንት ቀን የተመኘኋት ደቂቃ!

እቴቴ አዩት። ምስር የሚለየው ዓይን ነው፤ አዩት። ነጋዴዎቹን አዩ። ስልኩን አዩ። ከዚያ ማንም ሳይደግምላቸው ዘይቱን ከፍ አደረጉት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ ጌታ። የማን ልጅ ነህ? እናትህን ነፍስ ይማርልህ።»

ስልኩ ከእጁ ወደቀ። ከነጋዴዎቹ አንዱ «አሜን» አለ።

ሳልፍ ጠጋ ብዬ፣ «የኔን አጥፋው፤ አለዚያ እሳቸው ማን እንደሆኑ ለነጋዴዎቹ እነግራለሁ» አልኩት። እኔ! «እሺ» አለ። እትዬ እንኳ አላለኝም።

መንገድ ላይ እቴቴ ቆም አሉ።

«አውቀሽ ነው የወሰድሽኝ።»

«አዎ።»

አልተቆጡም። ዘይቱን እጄ ላይ አስቀመጡት። «ለነፍሴ ነው። ብዪበት።»

ሚያዝያ 8

ቪዲዮዬ ጠፍቷል። የሌሎቹም ጠፍቷል። ይሄው፣ ያልኩት ሆነ... ዘይቱን ግን መክፈት አቃተኝ።

ሚያዝያ 21

ስንዴ ስናበጥር ዋልን። ሀፍሷ ጥላ ሥር አሁን ሦስት ሆነናል። እቴቴ መኪና ሥር መግባት ትተዋል፤ እኛ ያበጠርነውን ይለቅማሉ፣ ማታ እኔ ቤት ያድራሉ። መቅደላዊትም ተመልሳለች። ከእኔ ጋር ገና ብዙ አታወራም፤ ከእሳቸው ጋር ግን ትስቃለች።

ከሰዓት በኋላ ምንይሉ መጣ። ዛሬ ሽቶ የለም። ዘይትና ፌስታል ታቅፎ ፀሐይ ላይ ተገተረ።

«እማዬ...»

እቴቴ ከሰፌዱ ቀና አላሉም። «ተሳስተህ ነው፣ ልጄ። እናትህ ሞታለች። የነገርከን አንተው ነህ።»

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ...»

«ነፍስ ይማር ብያለሁ እኮ። ሁለቴ አልልም።»

ተሸካሚዎቹ ኩንታሉን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ቆሙ። እኔ በሰፌዴ ሙሉ ያሰብኩት በቀል እዚህ ቃል ጫፍ አይደርስም። ከማን ጋር እንደተቀመጥኩ የገባኝ አሁን ነው።

ሀፍሷ ግን ዝም ማለት መች ታውቅና! ስልኳን አወጣች።

«ቀና በል፣ ወንድሜ! ዘይቱን ከፍ አድርገው! የወለደችህ ትባረክ በል እንጂ!»

በረንዳው በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ጮክ ብዬ፣ ጎኔን ይዤ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ይየኝ! አልፀፀትም።

ዘይቱን መሬት ላይ አስቀምጦ ሄደ። ማንም አልነካውም።

እቴቴ፣ እሱ ጥጉን ታጥፎ እስኪሰወር ድረስ አቀርቅረው ለቀሙ። ከዚያ ነው ቀና ያሉት፣ ባዶውን መንገድ ለማየት።

«ከስቷል እንዴ?» አሉኝ፣ ሀፍሷ እንዳትሰማ።

አልከሳም። እንዲያውም ጉንጩ ሞልቷል።

«ከስቷል» አልኳቸው።