እታለም እታለም የሚል ሻርፕ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ላውንደሪው በብርድ ልብስ ተጨናንቆ ዋለ። ወገቤ ቁርጥ ብሏል። ቤት ስገባ እማ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ የእታለምን ሻርፕ አፍንጫዋ ላይ አድርጋዋለች። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ልጇን የምታያት በእሱ ነው።

«ዛሬ ትንሽ ራቀችብኝ» አለች።

አሸተትኩት። እውነቷን ነው፣ እየለቀቀ ነው። እህቴ ካረፈች ዓመት አለፈ... ሽታስ እስከ መቼ ይቆያል?

ሽቶዋስ ሽቶ ነበር! ሴቱ ሁሉ አበባ አበባ ሲል እሷ ዕጣን፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የተቃጠለ እንጨት። ገና ደረጃው ላይ ሳለች ሽታዋ ቀድሟት ይገባል። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ኧረ ቤቱ እየነደደ ነው!» ይላል። እሷ ደግሞ ከውጭ ሆና «ልጅህ መጣች በል እንጂ!»

ሽቶው ቁርጥ እሷን። መጀመሪያ ታስነጥሳለች፣ ቆይቶ ሙቀቷ ደስ ይላል። ጠዋት ከአከራያችን ጋር ተናንቃ ማታ ለታመመች ሚስቱ ሾርባ ይዛ ትሄዳለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ዘዴ መጣልኝ! ሻርፑን ከላውንደሪው ጎን ላለችው ሽቶ ሻጭ አስሸትቼ ያንኑ ሽቶ መግዛት። ስሙን እንደሆነ ማናችንም አናውቀውም። ነገ እማ ሳትነቃ ይዤው እወጣለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ምነው ይሄን ቀን ባልወጣሁ!

ሻርፑን በፌስታል ጠቅልዬ የላውንደሪው ባንኮኒ ላይ አስቀመጥኩት። ደንበኛ በላይ በላዩ መጣና እስከ ምሳ ዘነጋሁት። እኛ ጋ ባንኮኒ ላይ የተገኘ ሁሉ ይታጠባል። ማን ምን ብሎ ይጠይቃል? ፌስታሉን ባየው... ባዶ! ልብስ ተኳሻችን ጋሽ ካውያ (የገዛ ስሙን ካውያው በልቶታል) ሻርፑን ትኩስ እንዳለ አጣጥፎ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«ያንቺ መሆኑን አወቅኩና ሁለት ጊዜ አሳጠብኩልሽ። ጭስ ጭስ ይል ነበር እኮ!»

እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

«ኧረ ቀለሙ አለቀቀም!» ይለኛል ደግሞ። ምክንያቱን ስነግረው «እጄን በቆረጠው» ብሎ ካውያውን ነቅሎ ቆመ። እሱ ምን ያድርግ...

እንዲህ ንጹሕ ነገር አስጠልቶኝ አያውቅም። ለእማ ምን ልበል?

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

«ሻርፑስ?»

«ነፋስ ይንካው ብዬ ነው እማ።»

ትራሷን በእጇ ዳበሰች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ሽቶ ሻጯን በቃል አስረዳኋት። ጭስ ያለው፣ ቅመም ያለው፣ መጀመሪያ የሚቆጣ፣ በኋላ ግን የሚያባብል...

«የኔ እናት፣ ሽቶ ነው አማት የምትፈልጊው?»

ሳላስበው ሳቅኩ። ወረቀት ላይ እየረጨች ስታስሸትተኝ አፍንጫዬ ደነዘዘ። በመጨረሻ አንድ ጥቁር ጠርሙስ ከፈተች... ራሱ ነው! ዞር ብዬ በሩን አየሁ። እታለም የገባች መስሎኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

የገዛሁትን ሽቶ ሻርፑ ላይ ረጨሁና ለእማ ሰጠኋት። አሸተተች። እንደገና አሸተተች።

«ጠርሙሱ ነው። ልጄ የለችበትም።»

አልቻልኩም፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ትቆጣለች ስል...

«ሁለት ጊዜ?» አለች። «ሁለት ጊዜ አሳጠበው? እሷ ብትሰማ በሳቅ ትፈርስ ነበር!» እየሳቀች እንባዋ ወረደ። የኔም። ከዚያ፦

«ነይ፣ እስቲ አንቺ ተቀቢው።»

«እኔ? እኔ ሳሙና የለመድኩ ሰው...»

«ነይ አልኩሽ!»

አንገቴን ስባ አሸተተችኝ። ጭሱ፣ ቅመሙ፣ ከስር ደግሞ የላውንደሪው ሳሙና።

«ይሄ የሷ አይደለም» አለች። «አንቺ ነሽ።» አንገቴንም አልለቀቀችውም።

ዓመት ሙሉ አጠገቧ ነበርኩ። አሽትታኝ አታውቅም ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሻርፑን ራሷ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከታዋለች። ጠዋት ጠዋት ሳልቀባ ልውጣ ብል አታስወጣኝም።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ፣ ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ፣ የእማን ድምፅ ሰማሁ።

«ኧረ ቤቱ እየነደደ ነው!»

ጎረቤት ይስማ አይስማ ግድ አልሰጠኝም።

«ልጅሽ መጣች በይ እንጂ!»